ታሪክ ተምሮ ምን ይኮናል?

እንደ እኛ ስለ ታሪክ የሚሟገት፣ እንደ እኛም ልጁን ታሪክ እንዳያጠና የሚከለክል ሕዝብ ይኖር ይሆን? በለቅሶ ቤት፣ በቡና ላይ፣ በታክሲ ሰልፍ፣ በፓርላማ፣ በስደት ባሉ ወገኖቻችን ምግብ ቤቶች ሳይቀር ምኒልክ በየቀኑ ይከሰሳሉ፣ በየቀኑም ነፃ ይወጣሉ፤ ኢማም አሕመድ ይዘምታሉ፤ ዮሐንስ መተማ ላይ ይወድቃሉ፤ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እጅ አልሰጥም ይላሉ። ሙግቱም በሙታን ላይ ብቻ አያበቃም። የክልል ወሰን፣ የከተማ ባለቤትነት፣ የሰንደቅ ዓላማ ቀለም፣ ሲከፋም የሕያዋን ሰዎች ሕይወት የሚወሰነው "ይህ ምድር በፊት የማን ነበር?" በሚል ጥያቄ ነው። ይሁንና ያው ስለ አድዋ ድምፁ እስኪዘጋ የሚከራከር አባት፣ ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ደውሎ "ታሪክ ላጠና ነው" ሲለው ስልኩ ከእጁ ሊወድቅ ይደርሳል። "ታሪክ ተምረህ ምን ልትሆን ነው?"

ይህ ጥያቄ በእኔም ቤት ተጠይቋል። ዛሬም ዘመድ ወዳጅ ልጁን እያመጣ "እስኪ አንተ ምከርልኝ" ስለሚለኝ፣ ለአንድ ለአንዱ ከምመልስ ለሁሉም በአንድነት በጽሑፍ ልመልስ ብዬ ነው ብዕሬን ማንሣቴ። አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ መልሴ ልጁን ከታሪክ ለማስጣል ለሚሻ ወላጅ የሚመች አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ1991 ዓ.ም. ነበር፤ የዲግሪ ትምህርት ገና አራት ዓመት ይፈጅ በነበረበት ጊዜ። የመጀመሪያውን ዓመት አጠናቀን የትምህርት ክፍል ስንመርጥ የብዙዎቻችን ዓይን ሕግ፣ ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግ ላይ ነበር። ታሪክ በምርጫው ቅጽ ግርጌ፣ ባዶውን ቦታ ለመሙላት የሚጻፍ ስም ነበር። ምደባው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት ታሪክ የደረሳቸው ልጆች ፊት የመርዶ ፊት ይመስል ነበር። እኔ በአንደኛ ምርጫ የሞላሁት መሆኔን የሰማ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ "ነጥብህ እኮ ጥሩ ነበር" ብሎ ከልቡ አዘነልኝ። ስለዚህ በክፍላችን ከነበርነው መካከል ወድዶ የገባው ጥቂት፣ ተመድቦ የገባው ብዙ ነበር። በአራተኛው ዓመት ግን ከተመደቡት መካከል ብዙዎቹ "ተመድበን ነው" ማለትን ትተው ነበር። ምን ለወጣቸው? ነገሬ እሱ ነው።

ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ መምህራችን ከአፉ የማትለይ አንዲት ጥያቄ ነበረችው፦ "በምን ታውቃለህ?" ዘመነ መሳፍንት የጨለማ ዘመን ነበር ብትለው፣ በምን ታውቃለህ? ማን ነገረህ? የነገረህስ ሰው በቦታው ነበረ ወይስ ከሌላ ሰምቶ ነው? መቼ ጻፈው? በማን ቤት አድሮ፣ የማንን እንጀራ እየበላ? ከሚጠላው ሰው ይልቅ የሚወደውን ሰው በጻፈበት ጊዜ ለምን አመንኸው? ይህ አጠያየቅ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ሊሆን ባልተገባው ነበር። አባቶቻችን "ተጠየቅ"፣ "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ የሚሟገቱበት ሥርዓት የነበራቸው፣ ምስክርን አቁመው የሚያፋጥጡ ሰዎች ነበሩ። ለአንድ ጥማድ መሬት ያን ያህል ምስክር የሚያጣራ ሕዝብ፣ ለአገሩ ታሪክ ሲሆን በአንድ የወሬ ወሬ ይረካል።

የጥያቄዋን ስለት በደንብ ያየነው በውጫሌ ውል ላይ ነው። ሁላችንም ከሁለተኛ ደረጃ ይዘነው የመጣነው ታሪክ አጭርና ግልጽ ነበር፦ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ ተፈረመ፤ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ሆነ፤ ጣሊያን አታለለች፤ አድዋ ላይ ዋጋዋን አገኘች። ይህ አተራረክ ውሸት የለበትም። የታሪክ ክፍል ግን እዚያ አያቆምም። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚቻላቸው ይናገራል፤ ፈቃድ እንጂ ግዴታ የለበትም። የጣሊያንኛው ቅጂ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን መንግሥት ለመጠቀም "ተስማምተዋል" ይላል። ልዩነቱ በአንድ ግሥ ላይ ነው። ከዚያች ግሥ ተነሥታ ሮም ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ንግሣቸውን ለማሳወቅ ለጻፉት ደብዳቤ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ፣ ወደፊት በጣሊያን በኩል ይጻፉ የሚል ሆነ። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ሆነ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል ደግሞ ውጫሌን ሽሮ የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት አጸደቀ።

እዚህ ላይ መምህሩ ጥያቄዋን ያመጣታል። ማታለሉ ታስቦበት የተደረገ መሆኑን በምን ታውቃለህ? ከትርጉም ስሕተት የተለየ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ? ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰን፣ አዲስ አበባ ላይ ለብዙ ዓመታት ታሪክ ያስተማረው ሰው፣ የሁለቱን ቅጂዎችና የደብዳቤዎቹን አመጣጥ መርምሮ ማታለሉ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ነው ሲል ደመደመ። ጣሊያናዊው ካርሎ ጂሊዮ ይህን ተቃወመ። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1966 ድረስ በአንድ የአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ላይ ስለዚያች አንቀጽ ተሟገቱ። እኛም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን እንድናነብ፣ ከዚያም ለጂሊዮ ጠበቃ ሆነን እንድንከራከር ተደረግን። ለጣሊያን ጠበቃ! ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። ነገር ግን የተቃራኒህን ክርክር ከእሱ አብልጠህ መናገር ሳትችል ድል አድርጌዋለሁ ማለት እንደማትችል ያን ዕለት ተማርን። ከክፍሉ ስንወጣ አድዋ በአንዲት ክንድ አላነሰም። ቀድሞ በስሜት ላይ ቆሞ የነበረው አሁን በማስረጃ ላይ ቆመ፤ በማስረጃ ላይ የቆመ ደግሞ ጩኸት አያፈርሰውም።

ትምህርቱ ከመጻሕፍት ብቻ የሚገኝ አልነበረም። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተማሪዎች ተቃውሞ ተጀምሮ የሰው ሕይወት የጠፋበት ሁከት ተነሣ። ማን ምን እንዳጠፋ መተንተን የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። እኔን ያስደነቀኝ የዚያው ዕለት ማታ የሆነው ነው። በሬዲዮ የተነገረው አንድ ነበር፤ በመኝታ ክፍሎች የሚወራው ሌላ፤ በግል ጋዜጦች የወጣው ደግሞ ሦስተኛ። ይህ የሚጠበቅ ነው ይባል። ነገር ግን በአንድ በር አጠገብ አብረው የቆሙ፣ አንዳቸውም ለመዋሸት ምክንያት የሌላቸው ሁለት ጓደኞቼ ያዩትን በየግላቸው ሲነግሩኝ ድንጋዩና ተኩሱ ቅደም ተከተላቸው ተለዋወጠ። አንዱ ቆሞ የነበረው ወደ መንገዱ ዞሮ፣ ሌላው ወደ ግቢው ዞሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኢማም አሕመድ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር ስላደረጉት ጦርነት የተጻፈውን ሳነብ በሌላ ዓይን አነበብሁት። የኢማሙ ወገን የሆነው ሺሃብ አድ ዲን፣ በቅጽል ስሙ አረብ ፈቂህ፣ በ1521 ዓ.ም. የሆነውን የሽምብራ ኩሬን ውጊያና ከዚያ የተከተለውን ዘመቻ በዐረብኛ ሲጽፍ የአምላክ ድል አድርጎ ነው። የግእዙ ዜና መዋዕል ያንኑ ዘመን የመዓት ዘመን ይለዋል። የጥንት ጸሐፊዎች እንደ ጓደኞቼ ናቸው፤ አንዱ ወደ መንገዱ፣ ሌላው ወደ ግቢው ዞሮ ይጽፋል። የአንዱን ብቻ አንብቦ ያደገ ሰው፣ የሌላውን ልጅ ኀዘን ሲሰማ ጠላት የፈጠረው ተረት ይመስለዋል። ዛሬ በአገራችን የምናየው መደነቋቆር ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ትምህርት ዝምታን ማንበብ ነበር። ዜና መዋዕሎቻችን የንጉሥ ቤት ጽሑፎች ናቸው፤ ስለ ገበሬው፣ ስለ ሸማኔው፣ ስለ ባሪያው፣ ስለ ሴቲቱ የሚናገሩት ንጉሡ በአጠገባቸው ባለፈ ጊዜ ብቻ ነው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ታሪክ የላቸውምን? አላቸው፤ የሚገኘው ግን ሌላ ቦታ ነው። በአብያተ ክርስቲያናት በሚገኙ የወንጌል ብራናዎች ጠርዝና ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ ተመዝግቦ ይገኛል። ዶናልድ ክራሚ የጎንደርን ዘመንና ከዚያ በኋላ ያለውን የመሬት ሥሪት ባጠናበት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው ሥራው የተጠቀመው እንዲህ ያሉትን ሰነዶች ነው። በእነዚያ ገጾች ውስጥ ሴቶች መሬት ሲወርሱ፣ ሲሸጡ፣ ስለ ርስታቸው ሲሟገቱ እናያለን። ዜና መዋዕሉ ያልጠራት ሴት ከወንጌሉ ግርጌ ስሟ ተጽፎ፣ ምስክሮቿ ተቆጥረው ትገኛለች። ይህን ያየ ተማሪ "በዚያ ዘመን ሴት እንዲህ ነበረች" ብሎ በጅምላ የሚናገርን ሰው እንደገና በምን ታውቃለህ ይለዋል።

የሁሉ መደምደሚያ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። የታሪክ ተማሪ የመጨረሻ ዓመት ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመልሶ፣ አዛውንቶችን ጠይቆ፣ የወረዳ መዝገብ ቤት አቧራ ጠርጎ አንድ ጥናት ያቀርባል። እኔ የመረጥሁት የተወለድሁባትን ትንሽ የገበያ ከተማ አመሠራረት ነበር። ቴፕ ሪኮርደር ተውሼ፣ ባትሪና ካሴት በኪሴ ሞልቼ ሄድሁ።

የመጀመሪያው ሽማግሌ ከተማዋን የቆረቆሩት ከሸዋ የመጡ አንድ ባላምባራስ ናቸው አሉኝ። ሁለተኛው፣ በኦሮምኛ እያወሩኝ፣ ባላምባራሱ ሳይመጡ በፊት ገበያው በዛፉ ሥር ይቆም እንደነበር፣ ቦታውም የጎሣቸው ግጦሽ እንደነበር ነገሩኝ። ሦስተኛዋ፣ ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ እናት፣ ሁለቱንም ስቀውባቸው ከተማዋ የቆመችው በቡና ነጋዴዎችና በቅሎ በሚያሳድሩ ሴቶች ነው አሉ። ሦስቱም መልስ ከመስጠታቸው በፊት የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፦ "ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?" እኔ እነሱን እንደምመረምር እነሱም እኔን መረመሩኝ፤ በመልሴ ልክም ታሪኩን ለክተው ሰጡኝ። ሁለተኛው ሽማግሌ ግብርና ስለ ገባር ኑሮ ስጠይቃቸው ዝም ብለው ቆዩና "ልጄ፣ እስኪ ያን ነገር አጥፋው" አሉኝ። ቴፑን አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ የነገሩኝን የነገሩኝ ለልጅነቴ እንጂ ለተማሪነቴ አልነበረም። በጥናቱ ውስጥ ስማቸውን ሳልጠቅስ፣ ያስፈቀዱኝን ያህል ብቻ ጻፍሁ።

የሦስቱን ቃል ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ማናቸውም እየዋሹ እንዳልነበር ተረዳሁ። ባላምባራሱ የመንግሥቱን ከተማ ቆረቆሩ፤ ገበያው ከእሳቸው በፊት ነበረ፤ ከተማዋን ሌሊትና ቀን ያቆሟት ደግሞ ነጋዴዎቹና ሴቶቹ ነበሩ። ጥያቄው ማን ትክክል ነው ከሚለው ወጥቶ፣ እያንዳንዳቸው ያንን ክፍል መርጠው የያዙት ለምንድን ነው ወደሚለው ሲዞር ከተማዋ ሙሉ ሆና ታየችኝ። ዛሬ ሦስቱም በሕይወት የሉም። ድምፃቸው ያለው አንድ መደርደሪያ ላይ በተቀመጠ፣ ጥቂት ሰው በገለጠው የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ነው። እንዲህ ያሉ ጽሑፎች በየዓመቱ በየተማሪው ተጽፈዋል፤ የየአውራጃው፣ የየገበያው፣ የየመስጊዱና የየገዳሙ ታሪክ በውስጣቸው አለ። አገር ቢያውቅበት ኖሮ መዝገበ ቅርሱ አድርጎ ይይዛቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታዬን ልናገር። ጥናቱን የጠየቅሁት በአማርኛና በኦሮምኛ ነው፤ የጻፍሁት ግን በእንግሊዝኛ። ደንቡ ይህ ነበር፤ ዛሬም በአብዛኛው ይኸው ነው። ስለዚህ ታሪኩን የሰጡኝ ሰዎችም ሆኑ ልጆቻቸው የራሳቸውን ቃል መልሰው ማንበብ አልቻሉም። ታደሰ ታምራት ስለ መካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት ታላቅ ሥራ በእንግሊዝኛ ነው። የመሐመድ ሐሰን የኦሮሞ ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው፣ በእንግሊዝኛ ነው። የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ ወደ አማርኛ በመመለሱ ስንት ሰው እንዳነበበው እናውቃለን። በየቤቱ የሚገኙት የተክለ ጻድቅ መኩሪያ መጻሕፍት ናቸው፤ ምክንያቱም በአማርኛ ተጻፉ። ምሁሩ በማይነበብ ቋንቋ ሲጽፍ ሜዳው ባዶ ይቀራል፤ ባዶ ሜዳ ደግሞ በአገራችን ሳይያዝ አድሮ አያውቅም። ዛሬ በየማኅበራዊ መገናኛው ማስረጃ ሳይኖረው ታሪክ የሚተነትነው ሰው የተቆጣጠረው ያንን ሜዳ ነው።

ወደ ፖለቲካው እንምጣ። አንዱ ወገን ኢትዮጵያ የ3000 ዓመት ታሪክ አላት ይላል፤ ሌላው የለም፣ 100 ዓመት ብቻ ነው ይላል። አንድ የታሪክ ተማሪ ይህን ክርክር ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስተውለው ቁጥሩን አይደለም፤ መነሻውን ነው። እያንዳንዱ ወገን የሚወደውን ዓመት መርጦ ታሪክን ከዚያ ያስጀምራል። አንዱ ከአክሱም፣ አንዱ ከ1847 ዓ.ም.፣ አንዱ ከምኒልክ የደቡብ ዘመቻዎች፣ አንዱ ከ1966፣ አንዱ ከ1983። መነሻውን የመረጠ ሰው ፍርዱንም መርጧል፤ በዳይና ተበዳይ የሚለየው ሰዓቱ ከየት ተጀመረ በሚለው ነውና። ታሪክን በሙያነት ያጠና ሰው ግን ለሁሉም አንድ ጥያቄ አለው፦ ከዚያ ዓመት በፊት በነበረው ዓመትስ ምን ነበር?

ሐውልቶቻችንንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። አዲስ አበባ አራዳ ላይ በፈረስ ተቀምጠው የሚታዩት ምኒልክ ሐውልታቸው የተመረቀው በ1923 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት ሰሞን ነው። አርሲ ውስጥ የቆመው የአኖሌ ሐውልት የተመረቀው በ2006 ዓ.ም. ነው። አንዱን የሚወድ ብዙውን ጊዜ ሌላውን አያይም። ሁለቱም ስለ አንድ ዘመን፣ ስለ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሊነግሩን ቆመዋል። ለታሪክ ተማሪ ግን ሁለቱም ከሁሉ አስቀድመው የሚነግሩት ስለተሠሩበት ዘመን ነው፦ አንዱ አዲስ ንጉሥ የዘር ሐረጉን ከድል ጋር ማያያዝ ስላስፈለገው ጊዜ፣ ሌላው የክልል መንግሥት የሕዝቡን ቁስል በድንጋይ ማጽናት ስለፈለገበት ጊዜ። ይህን ማለት የአድዋን ድል ማሳነስ አይደለም፤ በአርሲ የደረሰውን ሰቆቃ መካድም አይደለም። ድንጋዩን ከሰነዱ መለየት ነው። በ2016 ዓ.ም. በዚያው በምኒልክ አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የአድዋ ድል መታሰቢያም ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ስለ 1888 ብቻ ሳይሆን ስለ 2016 የሚያነብበት ይመስለኛል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ዕውቀት ለሚያስፈልጋት አገር መንግሥት ምን አደረገ? ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ምደባ 70 በመቶው ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ተወሰነ። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ከዚያች 30 በመቶ ውስጥ ሕጉና ቢዝነሱ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ለታሪክ የቀረው ፍርፋሪ ነበር። የተማሪው ቁጥር መነመነ፤ በየዩኒቨርሲቲው የታሪክ ትምህርት ክፍሎች የሥራ ገበያ ያገኙ ዘንድ "ታሪክና ቅርስ አስተዳደር" የሚል ስም ያዙ። ከዚያ አገር በታሪክ ጥያቄ መታመስ ስትጀምር፣ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ሲመለስ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለሁሉም ተማሪ የጋራ ኮርስ ሆኖ መጣ። ወዲያውም በማስተማሪያ ጽሑፉ ላይ ጠብ ተነሣ። ሙያውን ከአሥር ዓመት በላይ አስርቦ ካከሳ በኋላ፣ በአንድ ሴሚስተር ሕዝብን ሁሉ አስታርቅልኝ ማለት ሐኪሙን አባርሮ መድኃኒቱን እንደ መፈለግ ነው።

ደግሞም ማስታረቅ የታሪክ ክፍል ሥራ አይደለም። ሁላችንም የምንስማማበት አንድ ታሪክ ይጻፍልን የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ። ቅንነታቸውን አከብራለሁ፤ ልመናቸውን ግን አልጋራም። ሁሉም የተስማማበት ታሪክ ያለባቸው አገሮች ብዙውን ጊዜ ተቃዋሚው የታሰረባቸው ናቸው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት ከታሪክ ጸሐፊ የጠየቀው ከአድልዎ የጸዳ ፍርድ ነበር፤ ሁሉን የሚያስማማ ጽሑፍ አልጠየቀም። እኛ የሚያስፈልገን አለመስማማታችንን በማስረጃ ላይ የምናደርግበት ልማድ ነው። በአንድ ሰነድ ላይ እየተከራከሩ ሻይ መጠጣት ይቻላል፤ ሩበንሰንና ጂሊዮ ስለ አገራችን በብዕር ተሟግተዋል፤ እኛ ስለ ራሳችን በጥይት እንሟገታለን።

አሁን ወደ ወላጁ ጥያቄ ልመለስ፤ ልሸሸው አልፈልግምና። ታሪክ አጥንቶ ሀብታም የሆነ ሰው አላውቅም። አብረውኝ ከተመረቁት መካከል የሚበዙት የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሆኑ፤ ደመወዛቸው ወር አያደርስም። አንዳንዶቹ በአስጎብኝነት፣ አንዳንዶቹ በጋዜጠኝነት፣ አንዳንዶቹ በባንክና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራሉ፤ ሁለቱ በኋላ ሕግ ተምረው ጠበቆች ሆኑ። እኔም ራሴ ሥራ ፍለጋ በሄድሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ኃይል ኃላፊው ዲግሪዬን ገልብጦ አይቶ "ይህ ለምን ይሆናል?" ብሎኛል። ይህን ሁሉ ለልጅህ ንገረው። ሳይነገረው መግባት የለበትም።

ነገር ግን ይህንንም ንገረው። ታሪክ ከመረጠ በእንግሊዝኛ ብቻ አይወሰን። ግእዝ ሳያውቅ የመካከለኛውን ዘመን፣ ዐረብኛ ሳያውቅ ሐረርንና ወሎን፣ ኦሮምኛ ሳያውቅ የአገሩን እኩሌታ ማጥናት አይችልም። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በወመዘክርም ውስጥ ሰዓት ማሳለፍ ይልመድ። የገዛ ወገኑን ታሪክ የሚያጠና ከሆነ የሚያሳፍረውን ሰነድ እንደሚያኮራው ሰነድ እኩል ገልብጦ ያውጣ። ይህን ያደረገ ልጅ ከመምህርነት እስከ ዳኝነት የትም ቢቀመጥ ነገር የሚለይ ሰው ይሆናል፤ ሰባኪ ተነሥቶ "ጎረቤትህ የዛሬ መቶ ዓመት አያትህን ገድሏል" ሲለው፣ ዱላውን ከማንሣቱ በፊት በምን ታውቃለህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው። በዚህ በምንኖርበት ዘመን እንዲህ ያለ አንድ ሰው በአንድ ቀበሌ ውስጥ መኖሩ የስንት ሰው ሕይወት እንደሚያተርፍ፣ ያየነውን ያየን ሰዎች እናውቀዋለን።

ልጅ የሌላችሁ፣ ዩኒቨርሲቲም ካለፋችሁ የቆያችሁ አንባብያን ደግሞ አንድ ነገር ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልጋችሁም። አያት ያላችሁ፣ አያት የሚያውቅ ጎረቤት ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አስፈቅዳችሁ ቅዱ። ስለ ንጉሥ አትጠይቁ፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ረኃቡ፣ ስለ ሠርጉ፣ ከየት እንደመጡና በቦታው ማንን እንዳገኙ ጠይቁ። ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ጻፉ። አጥፉት ካሏችሁም አጥፉት።

ቸር ይግጠመን።